«ስኳር ይድናል» ሲባል፣ የትኛው ስኳር? የማን ኪሎ?

ስለ ስኳር በሽታ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንደኛው የድሮው ነው፤ «ስኳር አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ ከክኒን ወደ መርፌ እያለ ይሄዳል» የሚለው። ሁለተኛው አዲሱ ነው፤ «በምግብ ብቻ ይድናል፣ መድኃኒቱን ጣሉት» የሚለው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ብታዩ ሁለቱም ወሬዎች እዚህ ለምን ሰሚ እንደማያጡ ይገባችኋል። በአንድ በኩል ክትፎ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ኬክ ቤት። በሌላ በኩል ጂም፣ ክሊኒክ፣ ፋርማሲ። ከዛ ደግሞ ምሰሶ ላይ «ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለኪንታሮት» የሚል የባህል መድኃኒት ማስታወቂያ። በሽታውም መፍትሔውም አንድ መንገድ ላይ ተደርድረው ይሸጣሉ።

እዚህ የምተቸው ሁለተኛውን ወሬ ነው። ውሸት ነው ልላችሁ ግን አይደለም። ውሸት ቢሆንማ ቀላል ነበር። ግማሹ እውነት ነው፣ ሰው የሚጎዳውም በጎደለው ግማሽ ነው።

የእውነተኛው ግማሽ ዋና ተናጋሪ ሮይ ቴይለር ይባላሉ፤ በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰር ናቸው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሕይወት ያለ ስኳር በሽታ» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ሳይንሱን ለተራ አንባቢ በንጹሕ ቋንቋ ያስረዳል። የማዝንበት ነገር ከኒውካስል ተነስቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ መንገድ ላይ የወደቀው ብዛት ነው። ቁጥሩ ወደቀ፣ ቅድመ ሁኔታው ወደቀ፣ የቀረው «ይድናል» የምትለው ቃል ብቻ ሆነች። መጽሐፉ ራሱም ቢሆን እዚህ ለምንኖር ሰዎች የማይመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ፤ እመጣባቸዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ዓይነት አንድ ስኳር የሚባለው ሰውነት ራሱ የቆሽትን ኢንሱሊን አምራች ሴሎች ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። እዚህ ላይ ምግብ ምንም ቢስተካከል ኢንሱሊንን አይተካም፤ ኢንሱሊን የተቋረጠበት ሰው በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ዓይነት ሁለት ብቻ ነው።

እሺ፣ ዓይነት ሁለት ላይ ምንድን ነው የሚበላሸው? ብዙ ሰው «ስኳር ስለበላ ስኳር ያዘው» ይላል። ግን አንድ እንቆቅልሽ አለ። በሽታው ያለበት ሰው ማታ በጊዜ በልቶ ተኛ እንበል። ሌሊቱን ምንም አልቀመሰም። ጠዋት ሲለካ ስኳሩ 166 ይላል። ከየት መጣ?

ከጉበት ነው። ጉበት እኛ ስንተኛ ስኳር እየሠራ ወደ ደም የሚለቅ ፋብሪካ ነው፤ አንጎላችን ሌሊቱንም ይበላልና። ፋብሪካውን «በቃህ» የሚለው ኢንሱሊን ነው። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረቡት ሐሳብ እንዲህ ይላል፤ ለዓመታት ከሚያስፈልገን በላይ ስንበላ ትርፉ ስብ ሆኖ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ስብ የሞላበት ጉበት የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ያቆማል፣ ስኳር መልቀቁን ይቀጥላል። ያን ጊዜ ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን ታመርታለች። ይህ ተጨማሪ ኢንሱሊን ደግሞ ጉበት ትርፉን ምግብ ወደ ስብ እንዲቀይር ይገፋዋል። ስቡ ሲበዛ ጉበት ወደ ደም ይልከዋል፣ ከፊሉ ቆሽት ላይ ያርፋል፣ በመጨረሻ ኢንሱሊን የሚያመርቱት ቤታ ሴሎች ራሳቸው ይደክማሉ። («ቆሽቴ አረረ» ስንል ምን ያህል ልክ እንደሆንን አስቡት።)

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ ይሄን ሳነብ የታየኝ ማይክሮፎን ነው። ማይኩ ስፒከሩ አጠገብ ሲቀርብ አዳራሹን የሚሞላውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። ስፒከሩ ያወጣውን ድምፅ ማይኩ ይቀበላል፣ አጉልቶ መልሶ ይሰጠዋል፣ ስፒከሩ ደግሞ ያጎላዋል። ጩኸቱን ለማቆም ስፒከሩን በብርድ ልብስ መሸፈን ይቻላል፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ ዙሩ ግን አለ። ወይም ማይኩን ማራቅ ይቻላል። የቴይለር ጥያቄ ሁለተኛው ነበር፤ ስቡን ከጉበትና ከቆሽት ብናወጣው ዙሩ ይቆም ይሆን?

ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1870 ፓሪስ በጀርመኖች ተከባ ሕዝቡ ሲራብ፣ አፖሊኔር ቡሻርዳ የተባለ ሐኪም የስኳር ሕመምተኞቹ ሽንት ውስጥ የነበረው ስኳር ሲቀንስ አይቷል። ኋላም ለውፍረት የጨጓራ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ገና ብዙ ኪሎ ሳይቀንሱ፣ በቀናት ውስጥ ስኳራቸው ሲስተካከል ታየ። ቴይለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ሙከራ ይህንኑ ያለ ቀዶ ጥገና የሞከረ ነው። 11 ሕመምተኞች ለ8 ሳምንት በቀን 600 ኪሎካሎሪ ገደማ ብቻ ወሰዱ። ጠዋት ላይ የሚለካው ስኳራቸው በአማካይ 166 ገደማ ነበር፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ 106 ገደማ ሆነ። የጉበታቸው ስብ ከ12.8 በመቶ ወደ 2.9 በመቶ ወረደ። የቆሽታቸውም በዝግታ ቀነሰ፣ የኢንሱሊን ምርታቸውም ተመለሰ።

11 ሰው ትንሽ ነው፣ የሚያነጻጽሩት የሕክምና ቡድንም አልነበረም። ስለዚህ ዳይሬክት የተባለው ትልቅ ሙከራ ተከተለ፤ የመጀመሪያ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላንሴት ላይ ወጣ። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ 298 ሰዎች ለሁለት እኩል ተከፈሉ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ቀጠሉ። ግማሾቹ ከ3 እስከ 5 ወር ምግብ የሚባል ነገር ትተው በፓኬት የተዘጋጀ ዱቄት በውኃ እየበጠበጡ በቀን 825 እስከ 853 ኪሎካሎሪ ብቻ ወሰዱ፣ ከዛ ቀስ እያሉ ወደ ምግብ ተመለሱ። ከዓመት በኋላ ከሁለተኛዎቹ 46 በመቶው ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መስመር በታች ሆነ። ከመጀመሪያዎቹ 4 በመቶው ብቻ።

46 በመቶ ብዙ ነው። «ስኳር አይለቅም» የሚለውን የድሮ ወሬ ያፈረሰው ይሄ ቁጥር ነው፣ ለዚህ ቴይለርና የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ማይክ ሊን ምስጋና ይገባቸዋል። እኔን ግን ከ46ቱ ይልቅ የያዘኝ ሌላ ሠንጠረዥ ነው። ሰዎቹን በየቡድናቸው ሳይሆን በቀነሱት ኪሎ ሲደረድሯቸው እንዲህ ሆነ። ክብደት ከጨመሩት 76 ሰዎች የተሳካለት አንድም የለም። እስከ 5 ኪሎ ከቀነሱት 7 በመቶ። ከ5 እስከ 10 ኪሎ ከቀነሱት 34 በመቶ። ከ10 እስከ 15 ከቀነሱት 57 በመቶ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት 36 ሰዎች 31ዱ፣ ማለትም 86 በመቶ።

ይሄን መሰላል ደግማችሁ እዩት። አብሽ የለበትም። ሽፈራው የለበትም። ጥቁር አዝሙድ፣ ሬት፣ የሎሚ ውኃ የለበትም። ሩጫ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ወራት የለበትም፤ የሙከራው ሐኪሞች በዚያ ወቅት ስፖርት ጀምሩ ብለው አልገፉም። የሠራው አንድ ነገር ነው፤ የወጣው ስብ። ስለዚህ አንድ ሰው «ይሄን ቅጠል ቀቅዬ ጠጥቼ ዳንኩ» ሲላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «በዚያ ጊዜ ስንት ኪሎ ቀነስክ?» ይሁን። አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉን የጀመረ ሰው ለስላሳውንና ኬኩንም በዚያው ሳምንት ትቷል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ቅጠሉ ነው።

አሁን በወሬው ውስጥ የማይነገረው ክፍል ይመጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ 46ቱ በመቶ 36 ሆነ። ከሙከራው ቡድን ድጋፍ እያገኙ እስከ 5 ዓመት የቀጠሉት 85 ሰዎች ነበሩ፤ በአምስተኛው ዓመት ያለ መድኃኒት የቀሩት 11 ናቸው፣ 13 በመቶ። ኪሎው ሲመለስ ስኳሩም ተመለሰ። ሉክ አሄድ የተባለው የአሜሪካ ሙከራ ደግሞ ከ5,000 በላይ ሰዎችን ይዞ፣ ጠንከር ያለ ግን እንደ ዳይሬክት ጽንፍ ያልሄደ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ለውጥ ሞክሮ ነበር። በአንደኛው ዓመት 11.5 በመቶ፣ በአራተኛው 7.3 በመቶ አገኘ። ያለዚያ ድጋፍ የነበሩት 2 በመቶ ላይ ቆዩ። ስለዚህ ነገሩ ይቻላል፣ ግን ሰፊው ሕዝብ በየዓመቱ የሚያገኘው አይደለም። ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር አብሮ የማይናገር ሰው ግማሹን ደብቋችኋል።

ለዚህ ነው «ዳነ» የሚለውን ቃል የማልወደው። ባለሙያዎችም አልወደዱትም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የእንግሊዝ የስኳር ሕመም ማኅበራት የጋራ ትርጉም አወጡ፤ የሦስት ወር ስኳር የምንለው ምርመራ (ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ) ውጤት፣ መድኃኒት ከቆመ ቢያንስ ከ3 ወር በኋላ ተለክቶ ከ6.5 በመቶ በታች ሲሆን በሽታው ጋብ ብሏል ይባላል። «ዳነ» አላሉም፣ «ተገለበጠ» የሚለውንም ትተውታል። ቴይለር ግን መጽሐፋቸው ሽፋን ላይ በሽታውን ስለ «መገልበጥ» ይናገራሉ፤ ለመጽሐፍ ገበያ ይመች ይሆናል፣ ለታካሚ ግን ያሳስታል። በአማርኛ የሚሻለን «ረገበ» ይመስለኛል። የተወጠረ ገመድ ይረግባል፣ ገመዱ ግን አልተበጠሰም፤ ከጎተቱት ተመልሶ ይወጠራል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ ልምጣ። የማን ኪሎ?

ዳይሬክት ውስጥ የተመገበው ፓኬት የተሰጣቸው ሰዎች ሲጀምሩ አማካይ ክብደታቸው 101 ኪሎ ነበር። በሽታው ከተገኘባቸው 6 ዓመት ያልሞላቸው፣ ኢንሱሊን የማይወስዱ፣ የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸው ከ27 በላይ የሆኑ ናቸው። አሁን ሃያ ሁለት ያለ አንድ የ48 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ አስቡ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱ 72 ኪሎ፣ ትንሽ ቦርጭ አለችው፣ እጅና እግሩ ቀጭን ነው። ማንም ወፍራም አይለውም። ስኳር ግን አለበት። ይሄ ሰው ቪዲዮ አይቶ «15 ኪሎ ቀንስ» ሲባል ወደ 57 ሊወርድ ነው? አይሆንም። ወይም «እኔ ወፍራም አይደለሁም፣ ይሄ እኔን አይመለከትም» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ስህተት ነው።

ቴይለር ለዚህ መልስ አላቸው፣ ከመጽሐፉ የምወደውም ክፍል ይሄ ነው። እያንዳንዱ ሰው ስብን ያለ ጉዳት የሚያስቀምጥበት የራሱ ልክ አለው ይላሉ። እንደ ሮቶ አስቡት። አንዱ ግቢ የ2,000 ሊትር ሮቶ አለው፣ ሌላው የ500። ውኃው ከልኩ ሲያልፍ ጣሪያው ላይ ይፈስሳል፤ ጎረቤት ውስጥ ትልቅ ሮቶ መኖሩ ጣሪያችሁን አያድንም። ከቆዳ ሥር ብዙ ስብ መያዝ የሚችል ሰው 110 ኪሎ ሆኖ ስኳር ላይይዘው ይችላል። ልኩ ትንሽ የሆነ ሰው በ72 ኪሎው ስቡ ወደ ጉበት ይፈስሳል። ይህንን ለመፈተን ሪቱን የተባለ ሙከራ፣ ምጣኔያቸው ከ21 እስከ 27 የሆነ 20 ሕመምተኞችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱን አወጣ። 14ቱ፣ 70 በመቶው፣ ረገበላቸው፤ የቀነሱት በአማካይ ከክብደታቸው 10.7 በመቶ ነው። ለኛ ሒሳብ ሠራተኛ ያ 8 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። 20 ሰው ብቻ መሆኑን አትርሱ፣ ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ መለኪያው ኪሎ ሳይሆን የራስ መቶኛ ነው።

የእኛ ሰው ሮቶ ትንሽ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እንዳስብ የሚያደርገኝ የቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ከዛም እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችን ምግባቸውም አኗኗራቸውም በአንድ ትውልድ ተቀየረ። የእስራኤል ተመራማሪዎች በዓመታት ክትትል ያዩት፣ ስኳር በነሱ ላይ ከቀሪው ሕዝብ በላይ መብዛቱን ነው፤ ያውም «ወፍራም» በማይባል ክብደት። ጂናቸው በአውሮፕላን ላይ አልተቀየረም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አውሮፕላኑ ሳያስፈልግ ያው ለውጥ እየመጣልን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የጤና ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት 5.9 በመቶው ከፍ ያለ የደም ስኳር ነበራቸው።

ሙከራው ለአውሮፓ ሰው ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ኳታር ውስጥ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ከ50 ያልበለጠ፣ በሽታው ከተገኘ 3 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ተሞክሮባቸው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት 61 በመቶ ነበር፣ ከተለመደው ሕክምና 12 በመቶ አንጻር። ወጣት መሆንና ቶሎ መጀመር ይረዳል። ጣሪያው ላይ ውኃ ለ15 ዓመት ከፈሰሰ በኋላ ሮቶውን ብትቀንሱት የበሰበሰው እንጨት አይመለስም፤ ቤታ ሴሎችም እንደዚያው ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ መጽሐፉ የማይመልሰው ነው። የእነሱ ፓኬት በኛ ትሪ ላይ ምን ይሆናል?

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 360 ኪሎካሎሪ ገደማ አለው። ስለዚህ የዳይሬክት የአንድ ቀን ሙሉ ድርሻ ከ229 እስከ 237 ግራም የጤፍ ዱቄት ነው፤ ወጥ የለ፣ ምንም የለ። ለአንድ እንጀራ 150 ግራም ዱቄት የሚገባ ቤት ከሆነ፣ ይህ አንድ እንጀራ ተኩል ነው። ወይም በዘይት እንቁጠር፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎካሎሪ ነው፣ ሰባት ማንኪያ ቀኑን ጨረሰው። ሽንኩርት ሲቁላላ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ እናታችሁን ጠይቁ፤ እኔ ጠይቄ «በዓይን ነው» ተብያለሁ። አንድ መካከለኛ አቦካዶ 200 ኪሎካሎሪ ገደማ ነው፤ ስፕሪሱ ላይ ማንጎና ስኳር ሲጨመርበት ጤናማ ብለን የምንጠጣው ብርጭቆ ምሳ ይሆናል። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው።

እዚህ ላይ «ቀይ ጤፍ ስኳር አያመጣም» የሚለውን ወሬ ማለፍ አልችልም። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ፋይበር አለው፣ ብረት አለው። ግን ዱቄቱ ሲደቅ ስታርቹም ይደቅቃል። በአየርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በቤተ ሙከራ የተፈተሸ የጤፍ ዳቦ ስኳር የመጨመር ደረጃው 74 ተገምቷል፤ ከ70 በላይ ያለው ከፍተኛ ይባላል። እንጀራ ዳቦ አይደለም፣ ቡኮው ይነገሩን ይለውጠዋል፤ ሆኖም ቀይ መሆኑ ካሎሪውን አያጠፋም። ጤፍን መተው አይደለም ጉዳዩ፣ ልኩን ማወቅ ነው። ጎመኑን፣ ምስሩን፣ አይቡን አብዝቶ እንጀራውን መቀነስ ማለት ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ልማዱ ተቃራኒው ነው፣ ወጥ ሲያንስ እንጀራ ይጨመራል።

ጾምስ? ኦርቶዶክሳዊ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፣ ስለዚህ «እኛ ድሮም በአመጋገብ ስንታከም ነው የኖርነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የጾም ዓላማ ሌላ ነው፣ እሱን ለቤተ ክርስቲያን እተወዋለሁ። ጉበት ግን ፍስክና ጾም አይለይም። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ከዛ በጥብስ ድንች፣ በሩዝ፣ በዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር በገባበት ሻይ የሚፈታ ጾም የቀኑን ካሎሪ ላይቀንስ ይችላል። በሽሮ፣ በጎመንና በልኩ እንጀራ የሚፈታ ደግሞ ሊቀንስ ይችላል። ልዩነቱ ከሰዓቱ ይልቅ ትሪው ላይ ነው።

ሌላም በኒውካስል የማይታወቅ እንቅፋት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ 8 ኪሎ የቀነሰ ሰው «ምነው ከሳህ? አሞህ ነው እንዴ?» ይባላል። ቦርጭ ለብዙዎቻችን አሁንም «ተመችቶታል» ማለት ነው፤ መክሳት ደግሞ ኤች አይ ቪ አገሩን ባስጨነቀባቸው ዓመታት ያገኘውን ትርጉም ገና አልጣለም። ከዛ ጉርሻ አለ። «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋን እጅ በካሎሪ የሚመልስ ሰው እስካሁን አላየሁም። 5 ዓመት ጠብቆ ማቆየት ስኮትላንድ ውስጥ 13 በመቶ ከሆነ፣ አብሮ በአንድ ትሪ በሚበላ ቤት ውስጥ አንድን ሰው ብቻውን «አመጋገብህን ቀይር» ብሎ መላክ ብዙ የሚያስኬድ አይመስለኝም። ትሪው አንድ ከሆነ የሚቀየረውም ትሪው ነው፣ ከነቤተሰቡ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ክፍል። «ስኳር በምግብ ይድናል» የሚለውን ወሬ የሚሰማው ዓይነት ሁለት ያለበት ቦርጫም ሰው ብቻ አይደለም። ጎንደር ዙሪያ ባሉ ገጠሮች ስኳር የያዛቸው ብዙዎቹ ወጣቶች፣ ድሆችና በጣም ቀጭኖች መሆናቸውን እነ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ለዓመታት ሲመዘግቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ጉዳይ መልሰን እንክፈተው ወይ ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይህን ዓይነቱን «ዓይነት አምስት» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። እነዚህ ሰዎች ከሰውነታቸው የሚወጣ ትርፍ ስብ የላቸውም፤ ብዙዎቹ በኢንሱሊን ነው በሕይወት ያሉት። የስኮትላንዱን የረኀብ ዱቄት ለነሱ ማዘዝ በረኀብ የታመመን ሰው በረኀብ ማከም ነው። ማስታወቂያው ግን «ለስኳር» ብቻ ይላል፤ የትኛው እንደሆነ አይጠይቅም።

መድኃኒት ማቆምም እንደዚያው ነው። ዳይሬክት ውስጥ የስኳርና የደም ግፊት ክኒን የቆመው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ወሬው ይሄንን ክፍል ብቻ በደንብ ያስታውሳል። ምክንያቱ ግን ክኒኑ መጥፎ ስለሆነ አልነበረም። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ክኒኖች ሰውየው በላም አልበላም ቆሽትን ኢንሱሊን እንድታመርት ይገፏታል። ያንን እየዋጠ በድንገት ምግብ የቀነሰ ሰው ስኳሩ እጅግ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፣ ታክሲ እየነዳም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ክኒኑንና ምግቡን አብሮ አስተካከለ፣ ስኳሩ ከተመለሰም መድኃኒቱን መለሰ። በሌላ በኩል ምግቡ ሳይቀንስ ክኒኑን ብቻ የጣለ ሰው ምንም አይሰማው ይሆናል፤ 250 የሆነ ስኳር አያምም። ዓይንና ኩላሊት ላይ የሚሠራውን ግን በዝምታ ይሠራል።

እናንተ ወጣቶች ስለሆናችሁ ምናልባት ይሄ ሁሉ የአባታችሁ ወይም የአክስታችሁ ጉዳይ ይመስላችኋል። ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ካለ ሮቷችሁ ትንሽ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ደስ የሚለው፣ ጣሪያው ሳይበሰብስ መድረስ ከሁሉም ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ ስኳር አፋፍ ላይ የደረሱ 3,234 ሰዎችን ይዞ፣ ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ያለሙትን ከሌሎቹ ጋር ሲያነጻጽር፣ ወደ በሽታው የመሻገራቸው ዕድል በ58 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። 150 ደቂቃ ማለት ከሃያ ሁለት መገናኛ ታክሲ ትቶ በእግር መሄድ ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን። በዚህ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ለሚያውቅ ሰው ብዙም መሥዋዕትነት አይደለም።

ቴይለርን ስተች የቆየሁት እንዲያቆሙ አይደለም፤ ሥራቸው እዚህ መጥቶ እንዲቀጥል ስለምፈልግ ነው። ማይክ ሊን ያሉበት ቡድን ኔፓል ውስጥ ፓኬቱን ትቶ በአገሬው ምግብ፣ በሩዝና በምስር፣ ተመሳሳይ ሙከራ አድርጓል። ሽሮ ያለው አገር ይሄን መሥራት አያቅተውም። የሚያስፈልገው የኩሽና ሚዛን፣ በየሦስት ወሩ የሚከፈል የኤች ቢ ኤ ዋን ሲ ምርመራ፣ መድኃኒቱን የሚያስተካክል ሐኪም፣ እና በአንድ ትሪ የሚበሉ ቤተሰቦች ናቸው። ውጤቱም በኪሎ ብቻ ሳይሆን በክብደት መቶኛ፣ ቀጫጭኖቹን ለይቶ፣ ከአንድ ዓመት ይልቅ በአምስተኛው ዓመት ይነበብ። የምግብ ሳይንስ፣ የሕክምና ወይም የስታትስቲክስ ተማሪ ሆናችሁ የመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ይሄኛው ገና ማንም ያልያዘው ወንበር ይመስለኛል።